የሸፊቃ ድርሻ

ሳህኑ ሲወረወር ሰዳ ጎንበስ አለች። ሐሪስ የሚሉት የስንዴና የሥጋ ገንፎ በራሷ ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ሳህኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ወለሉ ላይ እየነጠረ ሄዶ አልጋው ሥር ገባ። አሮጊቷ ኡም ዑበይዳ ምንም እንዳልሠራ ሰው ትራሳቸውን ተደግፈው እጃቸውን በአልጋ ልብሱ ጠረጉ።

"ሸፊቃ!" አሉ። "ዛሬም መርዝ ይዘሽ መጣሽ?"

"ሰዳ ነኝ፣ ያ ሐጃ። ሰዳ።"

"ሸፊቃ ነሽ። እኔ ያንን ዓይንሽን አጥቼው ነው?"

ሰዳ ተንበርክካ ሳህኑን ከአልጋው ሥር እየጎተተች በአማርኛ አጉረመረመች። በዚህ የደማም የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ ማንም ያልከለከላት ነገር በአማርኛ ማጉረምረም ብቻ ነው። "ያ ረቢ፣ እሳቸውን ነው ወይስ እኔን የምትፈትነው? እኔን ከሆነ ወድቄያለሁ፣ ተወኝ።"

ሸፊቃ የአሮጊቷ ጣውንት ነበረች። ሁለቱ ሴቶች አንድ ባል አግብተው፣ በአንድ ግቢ ሁለት ምድጃ ለኩሰው፣ ዕድሜያቸውን ሲጣሉ ኖረዋል። ባልየው ሞቷል፣ ሸፊቃም ሞታለች። የመርሳት በሽታው የኡም ዑበይዳን ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ሰፈራቸውንና ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ ጠራርጎ ሲወስድ ሸፊቃን ግን ሳይነካት አለፈ። ይባስ ብሎ ከነርሷም ከጽዳቷም መካከል መርጦ ሰዳን ሸፊቃ አደረገባቸው። ሸፊቃ በፎቶግራፍ እንደምትታየው ቀላ ያለች አጭር ሴት ነበረች። ሰዳ የወሎዋ የሀርቡ ልጅ ናት፤ ጠይም፣ መለሎ። ምናቸው እንደተመሳሰለ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ግን ቀርቷል። አሮጊቷ ከትናንት በስቲያ ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሱም። ሱዳናዊው ሐኪም ዛሬ ማለዳ መጥቶ ክንዳቸውን በጣቶቹ ለካና ምሳ ካልበሉ ነገ በአፍንጫቸው የምግብ ቱቦ እንደሚገባ ተናገረ። ቱቦውን እንዳይነቅሉት እጃቸው ከአልጋው ብረት ጋር ይታሰራል። ሰዳ የታሰሩ አዛውንቶች አይታለች። ትንሽ ቆይተው መሳደቡንም መወራጨቱንም ይተዉታል፤ ነርሶቹ "ተረጋጉ" ይላሉ። ሰዳ ያቺን "ተረጋጉ" የምትባል ቃል ስትሰማ ክፍሉን ለቃ ትወጣለች።

ኮሪደሩ ላይ ተሾመች ወለል ትወለውላለች።

"ወረወሩት?"

"ወረወሩት። እኔ በቃኝ ተሾመች፣ ኸላስ። ኾበር ከተማ ወዳለው መጦሪያ አዛውሩኝ ልል ነው።"

"ኾበር ያሉት አሮጊቶች ደግሞ ይነክሳሉ አሉ።"

"ይንከሱኝ። ቢያንስ በስሜ ጠርተው ይነክሱኛል።"

ተሾመች መወልወያውን ተደግፋ ቆመች። አገር ቤት ማርያምን የምትሳለም ሴት ናት፤ ስትመጣ ደላላው የእስላም ስም አወጣላትና በኢቃማዋ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሃፊዛ ሆነች።

"አንቺ ደግሞ ስሜ ስሜ ማለት አበዛሽ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሃፊዛ ሲሉኝ አቤት እላለሁ፤ ምኔ ጎደለ?"

"አንቺን ሃፊዛ ብለው አይሰድቡሽም።"

"እንዲያውም ሃፊዛ ብለው ነው የሚሰድቡኝ! ተሾመችን ማን ያውቃትና? ስድቡ ሁሉ ለሃፊዛ ይሄድላታል፤ እኔ ማታ ተሾመች ሆኜ እተኛለሁ።"

ሰዳ መሳቅ አልፈለገችም፣ ግን ሳቀች። ከዚያ ከትናንት በስቲያ የሆነው ትዝ አላትና ሳቋ ተቆረጠ።

አሮጊቷ ያን ቀን ምሳ የበሉት በሰዳ "ጥፋት" ነው። ማንኪያውን ከእጇ መትተው ሲጥሉባት ደሟ ፈላ። እሳቸውን መሳደብ አትችልም፤ የሰው እናት ናቸው፣ ካሜራም አለ። ሀርቡ እያሉ እናቷና የእናቷ ጣውንት በአንድ ግቢ ሲኖሩ ፊት ለፊት ተሰዳድበው አያውቁም። አንደኛዋ ለዶሮዋ ትናገራለች፣ ሌላዋ ለድመቷ ትመልሳለች። "አንቺ ዶሮ፣ የሰው እህል ለቅመሽ ደግሞ ደረትሽን ትነፊያለሽ?" ይባላል፤ ዶሮዋ ምንም አታውቅም፣ የሚመለከታት ሴት ግን በደንብ ሰምታለች። ሰዳ ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው። እዚህ ዶሮ ስለሌለ ጎኗ ወዳለው ፕላስቲክ ወንበር ዞረችና በአረብኛ፣ "ወንበርዬ፣ ሰው ያልፈለገውን ምግብ እኔ ልብላው እንግዲህ" ብላ አንዴ ጎረሰች።

ያን ጊዜ ኡም ዑበይዳ ቀና አሉ። ወደ ትራሳቸው ዞሩና "አንቺ ትራስ፣ ይቺ ሌባ ደግሞ ድርሻዬን ልትውጠው ነው" ብለው ሳህኑን ከእጇ መነተፉ። እየተሳደቡ፣ ሰዳም ለወንበሩ እየመለሰች፣ ሳህኑ ተጠርጎ አለቀ። ማታም እንደዚሁ ሊሆን ነበር፤ ግን ሙዲራዋ ቢሮዋ ውስጥ በካሜራ አየችው። የቤቱ ኃላፊ ዮርዳኖሳዊት ናት፣ ንጹሕና ቁጡ። የአዛውንት ምግብ መብላት ማምኑዕ፣ አዛውንት መሳደብ ማምኑዕ፣ ብላ አገደቻት። ትናንት ሰዳ እጇን አጣጥፋ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ "ዩማ፣ እናቴ፣ ብዪ" ስትል ዋለች። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ልጃቸው ዑበይዳ መጣ። ኾበር ነው የሚኖረው፤ በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ የቧንቧ ዕቃ መጋዘን አለውና የነጭ ቀሚሱ፣ የቶቡ ጫፍ ሁልጊዜ አቧራ ነው። እዚህ አል መዝሩዒያ ሰፈር ባለው ቤት በር ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ "የእንክብካቤ ማዕከል" ይላል እንጂ መጦሪያ አይልም፤ እሱም ለዘመድ አዝማድ "እናቴ ሕክምና ላይ ናት" ነው የሚለው። እናቱን መጦሪያ አስገባ መባል በዚህ አገር ስም ያጠፋል። ሰዳ አትፈርድበትም። ሚስቱ ታማለች፣ የቀጠራቸው ሠራተኞች በሙሉ እየተወረወረባቸው ጠፍተዋል።

ሙዲራዋ ሰዳን ቢሮ አስጠራቻት።

"ለኡስታዝ ዑበይዳ ያደረግሽውን ንገሪው" አለች። "እኔ ከምነግረው አንቺው ንገሪው።"

"ምንም አላደረግሁም። ወንበሩን ነው የሰደብኩት።"

"ወንበሩን?" አለች ሙዲራዋ፣ ወደ ዑበይዳ እየተመለከተች፣ "አየህ?" በሚል ዓይን።

እሱ ግን ሰዳን ነበር የሚያየው። "እናቴስ? ለማን መለሰች?"

"ለትራሳቸው።"

ዑበይዳ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠና ሰዳ አለቀሰ ብላ ደነገጠች፤ ሲገልጠው ግን ሳቅም ልቅሶም አልነበረም።

"ድሮ ፍየል ነበረችን" አለ። "ያቺ ፍየል የሰማችውን ስድብ የሰማ ፍጡር የለም። ጠዋት እናቴ ትነግራታለች፣ ከሰዓት ሸፊቃ ትነግራታለች። እኛ ልጆቹ ማን በማን እንደተቀየመ የምናውቀው ከፍየሏ አጠገብ ቆመን ነው።"

"እንግዲያው ይፍቀዱልኝና ዛሬ ምሳ እንደዚያው ልሞክር" አለች ሰዳ። "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ወንበሩ አይከፋውም።"

"አይሆንም" አለ እሱ።

 ዑበይዳ በሙዲራዋ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የሻይ ብርጭቆ ወዲያ ወዲህ አዞረ።

"ሸፊቃ ልትሞት ስትል እናቴን ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ" አለ። "እናቴ እግሯ ሥር ወድቃ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አለቻት፤ ሸፊቃም አፉ አለቻት። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ልጄ፣ ይህ ምላሴ ከእንግዲህ ሸፊቃን በክፉ ካነሳ አፌን ዝጋው።' ቃል ገባሁላት። አሁን እናንተ ያንን ምላስ መልሳችሁ ታወጡታላችሁ። አእምሮዋ ስለሌለ ኃጢአት እንደማይጻፍባት አውቃለሁ። ግን እሷ ብታውቅ ኖሮ ታፍር ነበር።"

"ቱቦውንስ ቢያውቁ አያፍሩም?"

"ሰዳ!" አለች ሙዲራዋ።

"እጃቸው ይታሰራል እኮ ኡስታዝ። ነግረዋቸዋል?"

 ዑበይዳ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምግብ ያስጠላት ከዚያ ወዲህ ነው" አለ። "ታርቃ ቤት ገባች፣ ወደ ግድግዳ ዞራ ተኛች። በሽታው ቀድሞ ጀምሯል ይላሉ ሐኪሞቹ፤ ይሆናል። እኔ ግን የምትጣላውን ሰው ስታጣ የምትነሣበት ጉዳይ ያጣች ነው የሚመስለኝ።"

 እንግዲህ የትኛዋን እናትህን ነው የምትፈልገው? ሰዳ ልትለው ፈለገች። የተጸጸተችዋ አትበላም፣ የምትበላው አልተጸጸተችም። አንተ ቁጭ ብለህ ትመርጣለህ፣ እኔ ግን ሐሪስ ከግድግዳ እፍቃለሁ። ይህን ሁሉ በአረብኛ ለመናገር ቃሉ አላጠራትም፤ ያስፈራት ሥራዋን ማጣት ነው። አሠሪ ካፊሏ ይህን ሰምቶ አገር ቤት የሚሸኝ የኹሩጅ ማኅተም ቢመታባት ሀርቡ ያሉት ምን ይላሉ?

"መጀመሪያ እኔ ላብላት" አለ ዑበይዳ ተነሥቶ።

ምሳው ሩዝ በዓሣ ነበር። ዑበይዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀመ። ሰዳና ሙዲራዋ በሩ አጠገብ ቆሙ። አሮጊቷ ልጃቸውን ለሰላምታ እንደመጣ እንግዳ ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ዩማ፣ እኔ ነኝ። ዑበይዳ።"

"ዑበይዳ ትምህርት ቤት ነው" አሉ።

"እሺ። እስኪመጣ ትንሽ ቅመሺ።"

አፋቸውን ገጠሙ። ማንኪያውን ከንፈራቸው ላይ አስነካው፤ ሩዙ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ጠረገላቸውና ደገመ። ለመናቸው፣ የልጅነት ነገር አወራላቸው፣ ስልኩን አውጥቶ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ አሳያቸው። እሳቸው የኤሲውን ቀዳዳ ያያሉ። እንደገና ሲሞክር እጁን ገፉትና ዓሣው ቶቡ ላይ ወደቀ።

"ብዪ እንጂ!" ብሎ ጮኸ።

ኡም ዑበይዳ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ሊመቱት እንደተነሡበት ልጅ ተኮራመቱ። ዑበይዳ ማንኪያውን ይዞ ደረቀ። እናቱ ላይ ጮሆ የማያውቅ ሰው መሆኑ ከፊቱ ይነበባል። ሰዳ አሳዘናት፣ አናደዳትም፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ መጡባት።

ሳህኑን አንስቶ ሰጣት።

"ያልሽውን አድርጊ" አለ፣ ሳያያት።

"ስድቡንም?"

"ወንበሩን ስደቢ።"

ሙዲራዋ አፏን ልትከፍት ነበር፤ የዑበይዳን ፊት አይታ ተወችው።

ሰዳ ወንበሩን ስባ ከጎኗ አስቀመጠች፣ ራሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አደረገች። ሰው ቆሞ እያየ በትእዛዝ መቆጣት ምንኛ ከባድ ነው። የጠዋቱን ሐሪስ ስታስታውስ ግን ቁጣው ሳይጠሩት መጣ።

"ወንበርዬ" አለች። "ዓሣው እንዴት ይጣፍጣል መሰለሽ! አንዳንድ ሰው ግን ጥጋብ ይዞታል። ይሁን፣ ድርሻውን እኔ እበላለታለሁ።"

የአሮጊቷ አንድ ዓይን ከመዳፋቸው ሥር ወጣ።

"አንቺ ትራስ" አሉ፣ ድምፃቸው ገና እየሰለለ። "ሌባዋን አየሻት? የዓሣውን ሆድ መርጣ ወሰደች።"

"ወንበርዬ፣ ያበሰለ ሰው መርጦ ቢበላ ምን አለበት? አንዳንዷ ሩዝ ስትጥድ ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ ውሃ ይዞ ይሮጥ ነበር አሉ።"

ከዑበይዳ ጉሮሮ ድምፅ ወጣ፤ የሸፊቃን ስድብ የሰማ መሰለው። ይህን ለሰዳ የነገራት የለም፤ ከራሷ እናት ጣውንት አፍ የሰማችውን ነው እንደወረደ ወደ አረብኛ የመለሰችው። ለካ ስድቡ ባሕር ተሻግሮም አይበላሽም።

ኡም ዑበይዳ ተነሥተው ተቀመጡ። ማንም ሳይደግፋቸው ነው የተቀመጡት። ሻሻቸውን ወደ ፊት ስበው ጠጉራቸውን አስገቡ፣ ትራሱን አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ትራስ ሆይ፣ ንገሪያት! ጀርባዬን ሳዞር እሳቱን የጨመረችብኝ ማን ናት? እኔ የሠላሳ እንግዳ ምሳ ብቻዬን አወጣ የነበርኩ ሴት! ለአባቷ ቤት ዳቦ እንኳ ጋግራ የማታውቅ!" እያሉ እጃቸው ወደ ሳህኑ ሄደ። ማንኪያ ሲሰጧቸው የሚጠፋባቸው እጅ በሦስት ጣት ሩዙን ጠቅልሎ ወደ አፍ ወሰደው። ጎረሱ፤ ደገሙ።

"ወንበርዬ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ በይልኝ፣ ሰው ያለ አይመስላቸውም?"

"የገዛ ድርሻዬ ነው! ትራስ፣ የገዛ ድርሻዬን ነው የምበላው!"

ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ዑበይዳ ግድግዳውን ተደግፎ፣ "ይቺ ናት" አለ። "ወላሂ ይቺ ናት።" እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። እናቱን ካያት ስንት ጊዜው ነው? በየጁምዓው እየመጣ ሲያያት ከርሟል፤ ያገኛት ግን ዛሬ ነው።

አሮጊቷ ድምፁን ሰምተው ዞሩ።

"አቡ ዑበይዳ! አንተ ደግሞ መቼ ገባህ? ና ፍረድ በመሃላችን!"

ልጃቸውን በሟቹ ባላቸው ቦታ አስቀመጡት። "ሁለታችሁም" አለ ዑበይዳ እየተንተባተበ፣ "ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ ብሉ።"

"ዱሮም ፍርድ አታውቅ!" ብለው ወደ ሳህኑ ተመለሱ። ሙዲራዋ ጭምር ፈገግ አለች።

ከዚያ እጃቸው ሳህኑ ላይ ቆመ። ፊታቸው ላይ የነበረው ጥል እየሳሳ ሄደ። ትራሱን ከጭናቸው ላይ አወረዱና ወደ ሰዳ ጠጋ አሉ።

"ሸፊቃ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "አሞሻል አሉኝ።"

ሰዳ ወንበሩን አየች። ወንበሩ ምንም አልረዳትም።

"ልትሞቺ ነው አሉኝ። ስንት ነገር ተናገርኩሽ። አፉ በይኝ።"

ዑበይዳ ፈጥኖ ሰዳ አጠገብ ደረሰ። "በያት" አለ በሹክሹክታ። "'አፉ ብዬሻለሁ' በያት። ለአላህ ብለሽ። ያኔም እንዲህ ነው ያለቻት።"

የሩዙ ግማሽ ገና አልተነካም። የአሮጊቷ እጅ ከሳህኑ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጭናቸው መመለስ ጀምሯል፤ ዓይናቸው ይቅርታውን እየጠበቀ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ግድግዳው እንደሚዞር ሰዳ ታውቃለች። ተናደደች። አፉ በይኝ ብሎ የለመነን ሰው እምቢ ማለት ምን ያህል ኃጢአት እንደሆነ ከእናቷ ጉያ ጀምሮ የተማረችው ነው፤ ይህን ያሸከሟትን ሁሉ ጠላቻቸው። ያኔ የታረቀችው ሸፊቃ ይቅርታዋን ይዛ ሞታለች፤ የቀረውን ጥል ለሰዳ ትታላት። ልጁ እናቱ ተጸጽታ እንድትተኛለት ይፈልጋል፣ መብቱ ነው። ሐኪሙ ነገ ይመጣል። እና እሷ ማን ናት? በማን አፍ ነው ይቅር የምትለው? በማንስ አፍ ነው የምትከለክለው? አስተግፊሩላህ አለች በልቧ፤ ለሚመጣው ቃል አስቀድማ።

"አልልሽም" አለች።

ወንበሩን አላየችም። ዓይን ዓይናቸውን ነው ያየቻቸው።

"ምን?" አሉ ኡም ዑበይዳ።

"አፉ አልልሽም። ገና ተጣልቼሽ አልጠገብኩም። ነገ ምሳ ላይ እንነጋገራለን።"

ዑበይዳ ትንፋሹን ሲውጥ ተሰማት፤ ዞራ አላየችውም። የአሮጊቷ ቅንድብ እየተሰበሰበ፣ ጉንጫቸው እየቀላ መጣ። "አንቺ ልበ ደንዳና!" አሉ፣ እጃቸውም ከጭናቸው ተነሣ።

ሰዳ ሳህኑን ወደ ራሷ ጎተተችው። ብዙ አላራቀችውም፤ እጃቸው ሊደርስበት የሚችልበት ቦታ ላይ ተወችው።